የትምህርት ቤት ጓሮ፦ አጀማመሩ፣ አስተማሪነቱና የክረምቱ ጣጣ

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩና ወላጆች ባሉበት መሬት ይቆፈራል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። የካቲት ላይ ወደዚያው ግቢ ብቅ ቢሉ የሚጠብቅዎት የተሰነጣጠቀ መደብና ቀለሙ የለቀቀ የክበብ ታፔላ ነው። የእርሻ ዕውቀት ማነስ ያመጣው አይመስለኝም፤ ጎመን ማብቀል የሚችል ሰው የሌለበት ሰፈር የት አለ? ጓሮው የሚሞተው በሁለት ነገር ነው። በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ ስለሌለው መምህሩም ተማሪውም እንደ ትርፍ ሥራ ያዩታል። በዚያ ላይ ዝናቡ በደንብ በሚጥልበት በሐምሌና በነሐሴ ግቢው ይዘጋል፤ የሚከፈተው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው።

ይህ መመሪያ ለመምህራን፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ እንዲሁም በሳምንት ሁለት ሰዓት መስጠት ለሚችሉ የሰፈር ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ወራቱና ሰብሎቹ የአዲስ አበባንና የመሰል ከተሞችን አየር የተከተሉ ናቸው። ቆላ ከሆኑ ወይም ብርቱ ውርጭ የሚመታው ደጋ ላይ ከሆኑ ጊዜውን ከአካባቢዎ ገበሬ ጋር ያስተካክሉ።

1. ከመሬቱ በፊት ሰው ይያዙ

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት የስም ዝርዝር ነው። በጎ ፈቃደኛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወጣቱን ነው፤ ወጣቱ ለአንድ ቀን ቁፋሮ ግሩም ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቁት ግን ሌሎች ናቸው፦ ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ ልጃቸውን ጠዋት አድርሰው የሚመለሱ ወላጆች፣ ከገጠር መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አያቶች። አንድ የገበሬ አያት ዘር እንዴት እንደሚመረጥና መቼ እንደሚዘራ የሚነግሩዎት ከየትኛውም መጽሐፍ ይሻላል፤ ለእርሳቸውም ከተማ ውስጥ የሚሠሩበት ቁራሽ መሬት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

እነዚህን ሰዎች የሚያገኙት በእድር ነው። ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን አስፈቅደው በወሩ የስብሰባ ቀን አምስት ደቂቃ ይናገሩ። ሲናገሩም «እርዱን» ብለው አይለፉት። «ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት፣ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጋር የሚቆሙ አራት ሰዎች እንፈልጋለን» ይበሉ። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ጥያቄ ሰው ያስመዘግባል፤ ያልታወቀው ጭብጨባ ብቻ ያስገኛል። ከባዱን ሥራ፣ ማለትም አጥሩንና የመጀመሪያውን ቁፋሮ፣ በአንድ ቅዳሜ በደቦ ይጨርሱት። ቡናና ቆሎ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ያለ ቡና የሚጠራ ደቦ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ሰው አያገኝም።

ከትምህርት ቤቱ በኩል ሁለት መምህራን ኃላፊ ይሁኑ። አንድ ብቻ ከሆነ በዝውውር ወይም በወሊድ ፈቃድ ሲሄድ ጓሮውም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ ከተለያየ ትምህርት ቢሆኑ፣ ለምሳሌ አንዱ የሒሳብ፣ ሌላው የአካባቢ ሳይንስ፣ በኋላ ለማስተማሩ ይጠቅማል። የግቢውን ጥበቃ ሠራተኛም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አባል ያድርጉት። ቅዳሜ በሩን የሚከፍተው፣ የውሃውን ቁልፍ የሚይዘው፣ ማታ ላይ ፍየል የሚያባርረው እርሱ ነው። በየስብሰባው ሲረሳ ከርሞ ኋላ «ለምን አልጠበቅህም?» ማለት አይሆንም።

ልጆች ባሉበት ቦታ ሥርዓት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የመታወቂያ ቅጂ ይስጥ፤ ሲገባና ሲወጣ በር ላይ ይፈርም። ማንም ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በመሣሪያ ቤት ወይም በግቢው ጥግ አይገኝ። ልጅ መቆንጠጥና ጆሮ መጎተትም አይፈቀድም፤ የሚገሥጽ መምህሩ ነው። ይህንን ሽማግሌ ፊት መናገር ሊከብድዎት ይችላል። በአንድ ገጽ ጽፈው ለሁሉም እኩል ቢያነቡት ማንም አይቀየምም።

2. ቦታውን ይምረጡ

ለአትክልት በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያስፈልጋል። ይህንን በግምት አይወስኑት። ተማሪዎች ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሕንፃውና የዛፉ ጥላ የደረሰበትን በችካል ያመልክቱ፤ ከሦስቱም ጥላ ውጭ የቀረው መሬት የእርስዎ ነው። ከመጸዳጃ ቤትና ከፍሳሽ መውረጃ ይራቁ፤ ከእነርሱ በታች ባለ ተዳፋት ላይም አይሁኑ። ከባሕር ዛፍ አጠገብ መደብ መሥራት ውሃ ለባሕር ዛፉ ማጠጣት ነው።

መሬቱን በሁለት ሦስት ቦታ ክንድ ያህል ቆፍረው ይዩት። በከተማ ትምህርት ቤቶች ሣር የለበሰ የሚመስለው ቦታ ከሥሩ የግንባታ ፍርስራሽ፣ ሲሚንቶና ብርጭቆ ሞልቶት ይገኛል። የመኪና ዘይት የሚሸት ወይም የባትሪ ድንጋይ የተጣለበት ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ እዚያ የሚበላ ነገር አይተከልም።

ከዚያ አፈሩን ከተማሪዎች ጋር ይመርምሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ባዶ ሃይላንድ ብቻ ነው። ፕላስቲኩን እስከ ሲሶው አፈር፣ እስከ አንገቱ ውሃ፣ ቁንጥር ኦሞ ጨምረው ክዳኑን ይግጠሙና በደንብ ይናጡት፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካው አድርገው መስኮት ላይ ያስቀምጡ። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ታች ይቀመጣል። ደቃቁ አፈር ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላው እስከ ማግሥቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ውሃው ሲጠራ ልጆቹ የየንብርብሩን ውፍረት በማስመሪያ ይለኩና ከመቶ ስንት እንደሆነ ያስሉ። ሸክላው አብላጫ ከሆነ፣ ዋልካ ሲሆን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ መደቡን ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ክረምት ላይ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል።

ስፋቱን በተመለከተ ስስት ይኑርዎት። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሜትር በአምስት ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ይበቃሉ። የሚለማው 20 ካሬ ሜትር ነው፤ በመደቦቹ መካከልና ዙሪያውን የግማሽ ሜትር መተላለፊያ ሲጨመርበት ወደ 40 ካሬ ይጠጋል። ግማሽ ኳስ ሜዳ ያረሰ ትምህርት ቤት ኅዳር ላይ አረም ይወርሰዋል።

3. ውሃውን አስቀድመው ያስሉ

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን በአማካይ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ለ20 ካሬ 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን መሆኑ ነው። አሁን ራስዎን ይጠይቁ፦ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እነዚህ አምስት ጀሪካኖች ከየት ይመጣሉ? ማን ይሸከማቸዋል? መልስ ከሌለዎት መደቡን ወደ ሁለት ይቀንሱ። በዚህ ማፈር አያስፈልግም።

ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ማጠራቀም ጥሩ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1000 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 800 ያህሉ ሮቶ ውስጥ ይገባል ብለው ይያዙ። አንድ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ለአራቱ መደቦች ለ20 ቀን ነው የሚበቃው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ጊዜ ብቻውን አይሸፍንም ማለት ነው። ስለዚህ መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይሸፍኑ፤ ጉዝጓዙ ትነቱን ስለሚቀንስ በየቀኑ ሳይሆን በየሁለት ቀኑ ማጠጣት ይቻላል። ሮቶው ምንጊዜም ክዳን ይኑረው፤ ለወባ ትንኝም ለትንሽ ልጅም ክፍት ውሃ አደጋ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ የወንዝ ውሃ አያስቡ። አቃቂና ገባሮቹ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል፤ ከዚያ የጠጣ ቆስጣ ለልጅ አይሰጥም።

ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። የተለመደው ስሕተት በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርከፍከፍ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች መውረድ ትቶ ላይ ላዩን ይቀራል፣ አንድ ቀን ሲዘለልም ይጠወልጋል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ አይጠጣ። ለትንንሽ ልጆች ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ ሃይላንድ ከማንኛውም ማጠጫ ይሻላል፤ ለእጃቸው ይቀላል፣ ሁሉም አንድ አንድ ይይዛል።

4. አጥርና መሣሪያ

ከፍየልና ከዶሮ ይልቅ የትምህርት ቤት ጓሮ ጠላት ኳስ ነው። ስለዚህ ከሜዳው በኩል ያለው አጥር ከሌላው ከፍ ይበል። ለሕያው አጥር ግራዋ ጥሩ ነው፤ በቀላሉ ይበቅላል፣ ቅጠሉም ለኮምፖስት ይሆናል። ቅንጭብ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ አይተከል፤ ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ልጆች ደግሞ መስበር ይወዳሉ። ጉሎም ፍሬው መርዝ ስለሆነ በግቢው ከበቀለ ይነቀል።

ለአራት መደብ ሁለት ዶማ፣ ሁለት አካፋ፣ ስምንት ትንንሽ መኮትኮቻ፣ ሁለት ባልዲና በየሜትሩ የተቋጠረ የአሥር ሜትር ገመድ ይበቃል። የአዋቂ ዶማ ለልጅ አይሰጥ፤ ቁፋሮው የትልቅ ሰው ሥራ ነው። መኮትኮቻዎቹን ሰፈርዎ ያለ ብየዳ ቤት በአጭር እጀታ ይሠራልዎታል። ሁሉም ላይ ቁጥር ይጻፍ፣ ሲወጣና ሲመለስ አንድ ተማሪ ይቁጠር። መሣሪያ ይዞ መሮጥ የሚያስቀጣ ሳይሆን ከሥራው የሚያስወጣ ነው፤ ይህ ሕግ ከሁሉም ቀድሞ ይነገር።

5. መደቡንና ኮምፖስቱን ያዘጋጁ

የመደቡ ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን ያልኩት ለልጅ እጅ ብዬ ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከጠርዝ ሆኖ ከግማሽ ሜትር ብዙ አይደርስም፤ መደቡ ሲሰፋ ውስጥ ገብቶ ይረግጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ አየር ያጣል። አፈሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈርክሱት፤ ድንጋዩን ይልቀሙ፤ በየካሬው ሁለት ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለው ያስተካክሉ።

ኮምፖስት የሚጀመረው ጓሮው ከመጀመሩ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በፊት ነው። ቁመቱ፣ ወርዱም ርዝመቱም ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ከታች እንጨት እንጨት የሚሉ አገዳዎች፣ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ከዚያ እርጥብ ሣርና የአትክልት ልጣጭ፣ ከዚያ ስስ የእበትና የአመድ ንብርብር፤ እንዲህ እየተደጋገመ ውሃ እየተረጨ ይወጣል። በዓል ያለፈበት ቄጠማና የሰፈሩ ቡና ቤቶች የሚጥሉት የቡና አተላ እዚህ ወርቅ ነው። ሥጋና ቅባት አይግባ፣ አይጥ ይጠራል።

በክምሩ መካከል ረጅም ዱላ ሰክተው ይተዉት። ተማሪዎች በየሳምንቱ መዘው ይንኩት፦ ሙቅና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመር፤ የሚከረፋ ከሆነ ውሃ በዝቶበታልና ይገልበጥ፣ ደረቅ ቅጠል ይግባበት። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ መገልበጥ አለበት።

ትኩስ እበት በቀጥታ መደብ ላይ አይበተን። ሰላጣና ካሮት በጥሬው የሚበሉ ናቸው፤ ትኩስ እበት ከተጨመረ በኋላ እስኪለቀሙ አራት ወር ማለፍ አለበት፣ ያን ያህል ደግሞ አይቆዩም። ልጆች ጫማ ያድርጉ፣ ሲጨርሱም በሳሙና ይታጠቡ።

6. ምን ይተከል? ከትምህርት ቤቱ መዝጊያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የትምህርት ቤት ጓሮ የቀን መቁጠሪያ የሚነሣው ተማሪው ግቢ ካለበት ጊዜ ነው። መስከረም መጨረሻ የተዘራ ሰላጣ ኅዳር ላይ ይደርሳል፤ ቆስጣም ሁለት ወር ገደማ ነው። ቀይ ሥር ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ይላል። ካሮት ሦስት ወር ያህል ስለሚቆይ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በፊት ይነቀላል። የሐበሻ ጎመን ተዛውሮ ከተተከለ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቅጠሉ መለቀም ይጀምርና ለወራት ይሰጣል፤ ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ የለም። ሽንኩርት ከዘር ተነሥቶ እስኪደርስ አራት አምስት ወር ይወስዳል፤ ትዕግሥት ላለው ክፍል ነው። ቲማቲም በመጀመሪያው ዓመት ባይሞክሩት እመክራለሁ፤ ውርጭም በሽታም ይወደዋል፣ ልጆቹም የሚማሩት መበሳጨትን ይሆናል።

አንዱን መደብ ለሽታ ዕፅዋት ይተዉት፦ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ድንብላል። ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጦስኝ አንዴ ከያዙ ብዙ ውሃ አይጠይቁም። ዓይን በነጠላ ተሸፍኖ በአፍንጫ ብቻ መለየት ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ጥሩ ትምህርት ነው። ጤና አዳም ግን በእጅ ታሽቶ ቆዳው ፀሐይ ከመታው ሊያቃጥል ስለሚችል ልጆች ያሽትቱት እንጂ አይሹት።

ዘር ከመዘራቱ በፊት ይፈተን። እርጥብ ጨርቅ ላይ 20 ፍሬ ተደርድሮ ይጠቅለል፣ በየቀኑ ውሃ ይረጭበት፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ የበቀለው ይቆጠር። 15 ከበቀለ 75 በመቶ ነው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ዘሩን ይለውጡ። ብዙ ጊዜ «አፈሩ እንቢ አለ» የሚባለው ዘሩ ያረጀ ሆኖ ነው።

የመጨረሻው ሰብል ባቄላ ነው፤ የክረምቱ መፍትሔም እርሱ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ባቄላ የሚዘራው ሰኔ ላይ ነው፤ እሸቱ የሚደርሰው መስከረም ላይ። ልጆቹ በትምህርት ማብቂያው ሳምንት በገዛ እጃቸው ይዘሩታል፤ ክረምቱን ዝናቡ ያሳድገዋል፤ ሲመለሱ እሸት ይጠብቃቸዋል። መሃል ላይ የሚያስፈልገው አንድ ሁለት ጊዜ ማረምና ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ መክፈት ብቻ ነው።

7. በ40 ደቂቃ ውስጥ 60 ልጅ ማስተማር

ብዙ መምህራን ጓሮውን የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው፤ እውነታቸውን ነው። 60 ልጅ አንድ ላይ ወደ መደብ ቢለቀቅ ትምህርቱ ይቀራል፣ ጎመኑም ይረገጣል። በጎ ፈቃደኞቹ የሚያስፈልጉት በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ክፍሉን በስድስት ቡድን ይክፈሉት፣ አሥር አሥር ልጅ። ሦስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ጋር መደብ ላይ ይሠራሉ። ሦስቱ ከመምህሩና ከአራተኛው በጎ ፈቃደኛ ጋር ዳር ቆመው ይለካሉ፣ ይሥላሉ፣ ይጽፋሉ። ከዚያ ይቀያየራሉ። ጊዜው እንዲህ ይከፈል፦ 5 ደቂቃ ክፍል ውስጥ ማብራሪያ፣ 12 ደቂቃ የመጀመሪያው ዙር፣ 12 ደቂቃ ሁለተኛው፣ 5 ደቂቃ እጅ መታጠብ፣ 6 ደቂቃ ክፍል ተመልሶ መጻፍ። ትእዛዝ ሁሉ ክፍል ውስጥ ይነገር፤ ውጭ ድምፅ በነፋስ ይሄዳል፣ ዓይንም ቢራቢሮ ይከተላል።

እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይኑረው። «ዛሬ እናርማለን» ትምህርት አይሆንም። «ሳስቶ ያደገ ካሮትና ሳይሳሳ ከቀረው የትኛው ይከብዳል?» ትምህርት ነው። የካሮቱን መደብ እኩሌታ በአምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱ፣ እኩሌታውን እንዳለ ይተዉት፤ ሲነቀል ከሁለቱም ወገን አሥር አሥር ፍሬ ይመዘን፣ አማካዩ ይሰላ። ኮምፖስትንም እንዲሁ፦ ግማሹ መደብ ያለው፣ ግማሹ የሌለው። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ውሃውም ርቀቱም አብሮ ከተለወጠ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማንም አያውቅም።

ለላይኛው ክፍል የምወደው ትምህርት የጥላው ነው። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገው ያቁሙና በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ ይለኩ። ከመስከረም ጀምሮ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ታኅሣሥ ላይ ይረዝማል፣ ከዚያ ያጥራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት ፀሐይዋ አናት ላይ ትደርስና ጥላው ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትሩ ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ተማሪው ይህንን ራሱ ለክቶ ሲያገኘው ረጃጅሙን ሰብል ከየት በኩል መትከል እንዳለበትም ራሱ ይነግርዎታል።

ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ የተሻለው ሥራ መመሪያ ማስጻፍ ነው። አምስተኛ ክፍሎች ለሦስተኛ ክፍሎች «ካሮት እንዴት ይሳሳል» ብለው ይጻፉ፤ ሦስተኛ ክፍሎች በተጻፈው መሠረት ብቻ ይሥሩ። ያልገባቸው ቦታ ጽሑፉ ጎድሏል ማለት ነው፤ ይታረማል።

በጎ ፈቃደኞቹን አስቀድመው በአንድ ነገር ያሳስቡ። ሽማግሌው ልጁ ሲንገዳገድ ያያሉ፣ «አምጣ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም» ብለው መኮትኮቻውን ይወስዱና ራሳቸው ይጨርሱታል። ሥራው ያምራል፤ ልጁ ግን ቆሞ ነው የሚያየው። «እጅዎን ኋላዎ ያድርጉና በቃል ይንገሩት» ይበሏቸው። ለልጁ ጥያቄ መልስ ለመስጠትም አይቸኩሉ፤ «አንተስ ምን መሰለህ?» ማለት ይበቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ እርስዎ ይጠብቁ። ሴቶቹ ውሃ ተሸካሚ፣ ወንዶቹ ቆፋሪ ሆነው እንዳይቀሩ የሥራ ድልድሉ በየሳምንቱ ይዙር። ያረፈደ ወይም የረበሸ ልጅ በቅጣት ወደ ጓሮ አይላክ። አንድ ጊዜ ጓሮው የቅጣት ቦታ ከሆነ ለሌላው ልጅም ያው ይሆናል፤ ለዚህ ሲባል ከተረኛው መምህር ጋር መጣላት እንኳ ቢያስፈልግ ይጣሉ።

ይህ ሁሉ እንዲዘልቅ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጓሮውን በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ ያስገቡልዎት። ለእያንዳንዱ ክፍል በሁለት ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ከሒሳቡ፣ ከቋንቋው ወይም ከአካባቢ ሳይንሱ የሚወሰድ እንጂ የሚጨመር አይሁን።

8. ተባይ

ፀረ ተባይ ኬሚካል በትምህርት ቤት ጓሮ አይረጭ፣ መሣሪያ ቤትም አይቀመጥ። ክሽክሽ ጎመኑን ከወረረው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፤ በሳምንቱ ይድገሙት፣ ከመብላትዎ በፊት ይጠቡት። ትል በእጅ ይለቀማል፣ ጠዋት ጠዋት። ለልጆች ይህ ጨዋታ ነው። ጎመን የነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዙር ካሮት ወይም ባቄላ ይግባ።

9. ምርቱ የማን ነው?

ይህንን ከመዝራትዎ በፊት ይወስኑና ለወላጆች ያሳውቁ። 20 ካሬ ሜትር ለትምህርት ቤት ምገባ አይበቃም፤ ይበቃል ብሎ ቃል መግባት ሐሜት ያመጣል። የሚያዋጣው እያንዳንዱ ክፍል የተንከባከበውን መዝኖ፣ መዝግቦ፣ አንድ ቀን አብሮ መቅመስ ነው። የተረፈው ቢሸጥ በወላጆች ቀን በግልጽ ይሸጥ፤ ሒሳቡን ሁለት ሰው ይፈርም፣ ደረሰኝ ይኑረው፣ ገንዘቡ ለዘርና ለመሣሪያ ይዋል። በጎ ፈቃደኞቹ አንድ አንድ እስር ጎመን ይዘው ቢሄዱ ተገቢ ነው፤ ይህም ቢሆን አስቀድሞ ይነገር።

10. ክረምቱን ያስረክቡ

ግንቦት ላይ ስብሰባ ይጥሩ። ሰኔ ቢሉ ሁሉም በፈተና ተጠምዷል። ከበጎ ፈቃደኞቹ ስምንት ወይም አሥር ሰው መርጠው ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜን ድረስ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ይመድቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ። ዝርዝሩ ከነስልክ ቁጥሩ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የመሣሪያ ቤቱ አንድ ቁልፍ እዚያው ይቀመጥ። ወረዳው የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶችን ሲያሰማራ ትምህርት ቤትዎ እንዲመዘገብ አስቀድመው ያመልክቱ። ወጣቶቹ ሲመጡ ግን የሚሠሩትን የሚያሳይ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑር፤ አለበለዚያ ባቄላውን ከአረሙ ጋር ነቅለውት ይሄዳሉ።

የክረምቱ ሥራ አጭር ነው። ባቄላው ከተዘራ ከአንድ ወር በኋላ ይታረማል፤ ነሐሴ ላይ ይደገማል። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ቦዮቹ ይከፈታሉ። ኮምፖስቱ በሣር ወይም በላስቲክ ይሸፈናል፣ ዝናብ ካጠበው ጥቅሙ ይሄዳል፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዴ ይገለበጣል። የመሣሪያ እጀታ በምግብ ዘይት ታሽቶ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ጳጉሜን ላይ ሁለቱ መምህራን መጥተው ግቢውን ዞረው ያዩና የጎደለውን ይመዘግባሉ።

ትምህርት ሲጀመር የጓሮው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለባቄላው ይሁን፤ እሸቱ ከመቀጠፉ በፊት። ከየመደቡ አንድ እግር ባቄላ በአካፋ ከነሥሩ ተነሥቶ ባልዲ ውስጥ ቀስ ብሎ ይታጠብ። ሥሩ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ እብጠቶች ይቆጠሩ፣ ጥቂቶቹ በጥፍር ይከፈሉ። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ነጭ ከሆነ አልሠሩም፤ ያ መደብ ከሌሎቹ ይልቅ ኮምፖስት ይፈልጋልና መዝግበው ይያዙት። እሸቱ ሲያልቅ አገዳው ከመሬት ጋር ተቆርጦ ወደ ኮምፖስቱ ይሄዳል፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ በዚያው መደብ በሳምንቱ ቆስጣ ይዘራበታል።